ለአንድ አምፖል ሁለት ጺማም

ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የመጀመሪያው እንስሳ ቤት ከገባ ጥቂት ወራት በኋላ ነው። እንሽላሊቱ ቤቱን ለምዷል፤ ከእጅ ይበላል፤ ቀኑን ከአምፖሉ ሥር ተዘርግቶ ይውላል። ልጅ ቆሞ ያየውና «ብቻውን አይከፋውም?» ይላል። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ሲባል እየሰማ ላደገ፣ ብቻውን የሚበላን ሰው በጥርጣሬ ለሚያይ ቤተሰብ መልሱ ያለቀለት ይመስላል። ሁለተኛ ይገዛና ይጨመርለታል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ያዩትን ይህንን እንሽላሊት «ካልገዛችሁልን» ብለው ሲያስጨንቋቸው ከጥያቄው ጋር መገናኘታቸው አይቀርም።

የእኔን ፍርድ ከወዲሁ ልናገር፦ አይጨመርለት። ወደዚህ ፍርድ የሚያደርሰኝ ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ከሚነገረው ትንሽ ይለያል። ብዙው ክርክር የሚሽከረከረው «ይጣላሉ ወይስ አይጣሉም?» በሚለው ላይ ነው። እኔ ደግሞ ሳይጣሉ የሚጎዳዱት ይበልጥ ያሳስቡኛል።

እንስሳው በእንግሊዝኛ ቢርድድ ድራጎን፣ በሳይንስ ስሙ ፖጎና ቪቲሴፕስ ይባላል። እዚህ ጺማም እያልኩ እጠራዋለሁ። ስያሜውን ያገኘው ከጉሮሮው ሥር ካለው እሾሃማ ቆዳ ነው፤ ሲቆጣ ወይም ጉልበቱን ማሳየት ሲፈልግ ይነፋዋል፣ ያጠቁረዋልም። አገሩ የአውስትራሊያ ደረቅና ከፊል ደረቅ መሐል አገር ነው። ሲያድግ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ጅራት ነው። በደንብ ከተያዘ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። አውስትራሊያ የዱር እንስሳዋን ለንግድ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከከለከለች ብዙ ዓመታት ስላለፉ ዛሬ በሌላው ዓለም የሚሸጡት ጺማሞች በሰው እጅ የተፈለፈሉ፣ የጥቂት ቀደምቶች ዘሮች ናቸው።

ለእኛም ፍጹም ባዕድ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ግንድና ድንጋይ ላይ ወጥተው ሰማያዊ ራሳቸውን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት እንሽላሊቶች የአንድ ቤተሰብ፣ የአጋማዎች፣ ዘመዶቹ ናቸው። ያንን የራስ ንቅናቄ ያየ ሰው ጺማም ለምን ብቻውን መሆን እንደሚመርጥ ግማሹን አይቷል። ወንዱ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆኖ ለሌላው ወንድ «ይህ የእኔ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ ወይ ይመልስለታል፣ ወይ ይሄዳል።

ጺማምም በአገሩ የሚገኘው በጉቶ ላይ፣ በዛፍ ቅርንጫፍ፣ በመንገድ ዳር በአጥር እንጨት ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ብቻውን። አሜሪካዊው ተመራማሪ ባያርድ ብራትስትሮም በ1971 የቅርብ ዘመዱን የምሥራቁን ጺማም ጠባይ በዝርዝር ሲያጠና በመካከላቸው የበላይና የበታች ተዋረድ እንዳለ ጽፏል። የመነጋገሪያ ምልክታቸው ሀብታም ነው፦ ራስን በፍጥነት መነቅነቅ የበላይነትን ይናገራል፤ ጺምን ማጥቆር ማስፈራሪያ ነው፤ አንዱን የፊት እግር አንሥቶ በዝግታ ማወዛወዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ «አልነካህም፣ አትንካኝ» የሚል የትንሽ እንስሳ ምልክት ነው። ባለቤቶች ይህን የእግር ማወዛወዝ ሰላምታ አድርገው በስልክ ይቀርጹታል።

እነዚህ ምልክቶች የሚሠሩት አንድ ነገር ስላለ ነው፤ እሱም መሄጃ ነው። ሜዳ ላይ የተሸነፈው እንሽላሊት ዞር ብሎ ይሄዳል፣ ሌላ ጉቶ ይፈልጋል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ጥርስ ላይ ሳይደርስ የሚፈታ ጠብ ነው። አሁን ለአንድ ጎልማሳ ጺማም በተለምዶ የሚመከረውን ሳጥን እንይ፦ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ወርድ፣ 60 ከፍታ። በዚህ ውስጥ የተሸነፈው «ሄድኩልህ» ቢልም የሚሄድበት የለም። እግሩን አወዛውዞ ሰላም ይለምናል፤ የለመነው ፊት ግን ነገም፣ ከነገ ወዲያም ከአንድ ሜትር አይርቅም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የአምፖሉ ጉዳይ ነው። በእኔ ግምት የጥያቄው እምብርት ያለው እዚህ ነው፤ ሲወራ ግን ብዙ አይሰማም።

ጺማም የሰውነቱን ሙቀት ከውስጥ አያመነጭም፤ ከውጭ ይወስዳል። ጠዋት ተነሥቶ እስኪሞቅ ድረስ አይሮጥም፣ አያድንም። የበላውንም የሚፈጨው ሲሞቅ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ በአንድ ጫፍ ከ38 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ መሞቂያ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ በ20ዎቹ ውስጥ የሚቆይ ቀዝቃዛ ቦታ ሊኖረው ይገባል። በዚያ ላይ ዩቪቢ የሚባለው የአልትራቫዮሌት ጨረር ያስፈልገዋል፤ ያለ እሱ ቆዳው ቫይታሚን ዲ3 አይሠራም፣ ያለ ቫይታሚኑ ካልሲየም ወደ አጥንት አይገባም፤ መንጋጋው ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጣመማል። ባጭሩ ለዚህ እንስሳ መሞቂያው ከምግቡ ይቀድማል። የሙቀት አምፖል ደግሞ ብርሃኑን የሚጥለው ከአንድ ሳህን ብዙም በማይሰፋ ክብ ላይ ነው።

ሁለት እንስሳ፣ አንድ ክብ። የበላዩ ይተኛበታል። ሌላው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፣ ወይም የበላዩ እስኪነሣ ይጠብቃል፣ ወይም ተስፋ ቆርጦ ቀዝቃዛው ጥግ ውስጥ ይደበቃል። ንክሻ የለም፣ ደም የለም። ነገር ግን ያልሞቀ ሆድ ቀስ ብሎ ይፈጫል፤ ቀስ ብሎ የሚፈጭ ትንሽ ይበላል፤ ትንሽ የሚበላ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ቀስ ብሎ ያደገ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ከበፊቱ ይልቅ ደካማ ተፎካካሪ ይሆናል። በአንድ ጊዜ ከተጣሉ እንቁላሎች የወጡ፣ እኩል የነበሩ ሁለት ጫጩቶች ከጥቂት ወራት በኋላ አንዱ የሌላው እጥፍ ሆኖ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ባለቤቱም «ያኛው ተፈጥሮው ትንሽ ነው» ይላል።

እዚህ ላይ ስለ መደራረብ ማንሣት ግድ ነው። ሁለት ጺማሞች አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ተኝተው የሚታዩበት ፎቶ «ተዋደዱ» ለሚለው ወገን ዋነኛ ማስረጃ ነው። በ2010 በካናዳ ተመራማሪዎች ይህን የጫጩቶች መደራረብ አጥንተው ለመሞቅ ሲሉ የሚያደርጉት ሆኖ አላገኙትም፤ ይልቁንም በሙቀት ቦታ ላይ ፉክክር እንዳለና ትልልቆቹ የተሻለ ሙቀት እንደሚያገኙ የሚጠቁም ውጤት አገኙ። ላይ የወጣው ብርሃኑን ይቀበላል፣ ሥር ያለው ጥላ ይቀበላል። እያንዳንዱ መደራረብ ጭቆና ነው አልልም፤ አንዳንዴ ሁለቱም ወደ አንዲት ጥሩ ድንጋይ ስለመጡ ብቻ ይሆናል። ፍቅር ነው ብሎ ለመደምደም ግን ምንም መነሻ የለም።

«ታዲያ ሁለተኛ አምፖል ልስቀል» የሚል አለ፤ የሚገባ ሐሳብ ነው። ችግሩ ስፍራው ነው። በአንድ ሜትር ከሃያው ሳጥን ግራና ቀኝ ሁለት መሞቂያ ከተሰቀለ መሐሉ ሁሉ ይሞቃል፣ ማቀዝቀዣ ጥግ ይጠፋል፤ ለዚህ እንስሳ ደግሞ መቀዝቀዝ አለመቻል ካለመሞቅ ይበልጥ ፈጥኖ ይገድላል። ሁለት መሞቂያና ሁለት ቀዝቃዛ ቦታ፣ መሐላቸው አንዱ ሌላውን እንዳያይ የሚጋርድ ግንድና ድንጋይ የሚይዝ ቤት ለመሥራት የክፍሉን ግማሽ ግድግዳ መስጠት ያስፈልጋል። ያንን የሚሰጥ ሰው አለ። ብዙው ሰው ግን ያለውን ሳጥን ነው የሚያጋራው።

በጾታ ቅንጅት ላይ የሚነገረው ሦስት መልክ አለው። ሁለት ወንድ በሚለው ላይ ክርክር የለም ማለት ይቻላል፤ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንዶች ይነካከሳሉ፣ አንዳንዴም እስከ ሞት። ወንድና ሴት ሲባል ግን ብዙ ሰው «እነሱስ ይስማማሉ» ብሎ ይገምታል፤ እኔ ከሁሉ ጨካኙ ቅንጅት ይህ ይመስለኛል። ወንዱ አንገቷን ነክሶ ይይዛታል፤ ሜዳ ላይ ቢሆን ከዚያ በኋላ ትለየዋለች፤ ሳጥን ውስጥ ግን በየቀኑ ያገኛታል። አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ 20 ገደማ እንቁላል ትጥላለች፣ በአንድ ወቅት ደግሞ ደጋግማ። የወንዱን ዘር በሰውነቷ ማቆየት ስለምትችል ከአንድ ጊዜ ግንኙነት በኋላ ወንዱ ቢወሰድም እንደገና እንቁላል ልትጥል ትችላለች። የእንቁላሉ ቅርፊት ካልሲየም ከየት ይመጣል? ምግቧ ካልበቃ ከአጥንቷ። መቆፈሪያ አፈር ካላገኘች፣ ወይም ከደከመች፣ እንቁላሉ ውስጧ ይቀራል፤ ያኔ የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ነው፣ ሳይታወቅ ከቆየ ደግሞ የሞት። ሃያ ጫጩት ወስዶ የሚያሳድግ ሰው ከየት እንደሚገኝ ማሰብም የባለቤቱ ዕዳ ነው።

ሁለት ሴት የሚለው ነው ብዙ ደጋፊ ያለው። እውነትም ሴቶች በአማካይ ከወንዶች ያነሰ ይቆጣሉ፣ ለዓመታት አብረው የኖሩም አሉ። ነገር ግን ስለ መሞቂያው የተባለው ሁሉ በሴቶችም ላይ ይሠራል፤ ተዋረድ የወንድ ብቻ አይደለም። በዚያ ላይ የጾታው መለያ ራሱ እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። ጫጩት ሲገዛ «ሁለቱም ሴት ናቸው» የሚለው የሻጭ ቃል ብዙ ጊዜ ግምት ነው። በጅራቱ ሥር ያለው የወንድ እብጠት በግልጽ የሚለየው እያደገ ሲሄድ ነው።

ከዚያም አልፎ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ክሌር ሆሌሊና ባልደረቦቿ በ2015 በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጥናት ከሜዳ ከያዟቸው 131 ጎልማሳ ጺማሞች 11ዱ በክሮሞዞማቸው ወንድ፣ በአካላቸው ግን እንቁላል የሚጥሉ ሴቶች ሆነው ተገኙ። እንቁላሉ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲታቀፍ የዘር መመሪያው ይሸነፋል፤ ወንድ ሊሆን የነበረው ሴት ሆኖ ይፈለፈላል። በቀጣዩ ዓመት የወጣ ጥናት እነዚህ ሴቶች ከተራዎቹ ሴቶች ይልቅ ደፋርና ወንዳወንድ ጠባይ እንዳላቸው አሳየ። ለሽያጭ የሚታቀፍ እንቁላል በአብዛኛው ከዚያ ባነሰ ሙቀት ስለሚቀመጥ ይህ በየቤቱ የሚያጋጥም አይደለም። ሆኖም «ሴት ከሆኑ ይስማማሉ» የሚለው ደንብ የቆመበትን መሬት ያሳያል።

አብሮ ማኖርን የሚደግፈው ወገን ባዶ እጁን አይደለም፤ ሁለት ነገር በሚገባ ሊጠቅስ ይችላል።

አንደኛው የጀርመን ልማድ ነው። ጀርመን ተሳቢ እንስሳትን ቤት በማርባት ረጅም ታሪክ ያላት አገር ናት። በ1997 በወጣው የመንግሥት የባለሙያዎች ሰነድ የእንሽላሊቶች ዝቅተኛ የስፍራ መጠን የተሰላው ለሁለት እንስሳ ነው፤ ለተጨማሪ ደግሞ ስፍራው እየሰፋ ይሄዳል። የተሰላውም በእንስሳው ርዝመት ስለሆነ፣ እንስሳው ባደገ ቁጥር የሚፈለገው ቤት አብሮ ያድጋል። ብዙ አርቢዎች አንድ ወንድ ከሁለት ወይም ከሦስት ሴቶች ጋር በሰፊ ግቢ ይይዛሉ። ይሁን እንጂ አርቢው ወንዱን በፈለገ ጊዜ ያወጣል፤ ትርፍ ሳጥን አለው፤ እንስሳቱን በየሳምንቱ ይመዝናል፤ የደከመውን ይለያል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በአንድ ሰው ሙሉ ትኩረት ነው። ሳሎን ውስጥ ካለ አንድ ሳጥን ጋር የሚያገናኘው እምብዛም ነው። ለሁለት ተብሎ የተሰላ መጠንም «ሁለት አድርጉ» የሚል ትእዛዝ ተደርጎ ሊነበብ አይገባም።

ሁለተኛው ይበልጥ ይማርካል። በእንግሊዝ አገር በሊንከን ዩኒቨርሲቲ አና ዊልኪንሰንና ባልደረቦቿ አንዲት ጺማም በጭንቅላቷ ገፍታ ተንሸራታች በር እንድትከፍት አሠለጠኑ፤ ሌሎች እንዲያዩ አደረጉ። ያዩት ስምንቱም በሩን ከፈቱ፤ ያላዩት አልከፈቱም። በ2014 ውጤቱ ሲወጣ ተሳቢ እንስሳ ከሌላው አይቶ መኮረጅ መቻሉ ትልቅ ዜና ሆነ። «እንግዲያው ማኅበራዊ እንስሳ ነው» የሚል ድምዳሜ ወዲያው ተከተለ። ነገር ግን ራሷ ዊልኪንሰን በ2010 ብቻዋን የምትኖረው ቀይ እግር ኤሊም ሌላ ኤሊ አይታ አጥር መዞርን እንደምትማር አሳይታለች። ያንን ያሳየችው ለመማር ማኅበራዊ ኑሮ የግድ እንዳልሆነ ለማስረዳት ነበር። ጎረቤቱን አተኩሮ ማየት ለጺማም ይጠቅመዋል፤ ጎረቤቱ ተፎካካሪው፣ አንዳንዴም አስፈሪው ነውና። ከእሱ ጋር አንድ አልጋ መጋራት ይፈልጋል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

«ብቻውን ይሰለቸዋል» የሚለውስ? ሳጥን ውስጥ ምንም የሌለው እንስሳ ያለ ሥራ ይውላል፣ እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን የሚወጣበት ቅርንጫፍ፣ የሚቆፍረው አፈር፣ የሚያሳድደው በረሮና ፌንጣ፣ ከሳጥኑ ውጭ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ነው። ስልቹነቱን የሚያየው የባለቤቱ ዓይን መሆኑንም አንርሳ። ለሰዓታት ሳይንቀሳቀስ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ብናይ እናዝንለታለን፤ ጺማም ግን ይህ ዋና ሥራው ነው።

ስለ በሽታ በአጭሩ። ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ በጺማሞች ዘንድ የተለመደ ነው፤ በኩስ ይተላለፋል፣ ጤነኛውን ብዙ ሳይጎዳ የተጨነቀውን ግን ይጥላል። አዴኖቫይረስ ምልክት በማያሳይ እንስሳ ውስጥ ተደብቆ መኖር ይችላል። ቆዳን ቢጫ አድርጎ የሚበላው ፈንገስም አለ፤ ሲይዝ ከባድ ነው። ስለዚህ አዲስ የመጣ እንስሳ በሌላ ክፍል፣ በሌላ ዕቃ፣ ቢያንስ ሦስት ወር ተለይቶ መቆየትና ኩሱ በእንስሳት ሐኪም መመርመር አለበት። ይህን የሚያደርግ ሰው ለሦስቱ ወር ሁለተኛ ሳጥን፣ ሁለተኛ አምፖል መግዛቱ አይቀርም። ከገዛ በኋላ ታዲያ ለምን ያጋራቸዋል?

የጫጩቶቹ ነገር ሻጮችን ይመለከታል። መደብር ውስጥ አሥራ አምስት ጫጩት በአንድ መስታወት ውስጥ ሲርመሰመስ ያየ ገዢ «እነዚህስ እንዴት ይኖራሉ?» ብሎ መጠየቁ አይፈረድበትም። ለጥቂት ሳምንት ነው የሚኖሩት፤ ያም ቢሆን ሲራቡ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ምግብ ይመስላቸዋልና አንዱ የሌላውን ጣት ወይም የጅራት ጫፍ ይቀነጥሳል። ከብዙ እንሽላሊቶች በተለየ የጺማም ጅራት መልሶ አያድግም። ስለዚህ ጥንድ አድርጎ «አብረው ያደጉ ናቸው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ስለ እንስሳቱ ሳይሆን ስለ ሽያጩ ነው የሚያስበው። ትልቅና ትንሽ ማጋራት ደግሞ የሚያከራክር አይደለም፤ ትልቁ ትንሹን ሊበላው ይችላል።

አሁን ሁለት ይዞ፣ በአንድ ሳጥን አኑሮ፣ «የእኔዎቹስ ሁለት ዓመት ሆናቸው፣ ተጣልተው አያውቁም» ለሚል ሰው ምን ይባላል? ውሸታም አይባልም። አለመጣላታቸውን አምነዋለሁ፤ ምክንያቱ ግን አንዱ አስቀድሞ መሸነፉ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ክርክር አያስፈልግም፤ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ሁለቱን ሳምንት በሳምንት፣ በተመሳሳይ ሰዓት መመዘንና መጻፍ። ጠዋት አምፖሉ እንደበራ ማን ቀድሞ ከሥሩ እንደሚገኝ፣ ማን እንደሚደበቅ፣ የማን ጺም ያለ ምክንያት እንደሚጠቁር፣ ማን መስታወቱን በእግሩ ሲቧጭር እንደሚውል ማየት። ከዚያ ለሁለት ወር መለየት፤ እያንዳንዱ በራሱ ቤት፣ በራሱ መሞቂያ። ቤቶቹ ጎን ለጎን ከሆኑ መሐላቸው የማያሳይ ነገር ይደረግ፤ መስታወት ብቻ ከለያቸው ሲተያዩ ስለሚውሉ መለየቱ ዋጋ የለውም። የራሱን ነጸብራቅ አይቶ የሚቆጣም ስላለ መስታወቱ በጎን በኩል በካርቶን ቢሸፈን አይጎዳም።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ትንሹ መብላት ከጨመረ፣ ክብደቱ ከወጣ፣ ቀኑን ሙሉ በግልጽ መሞቅ ከጀመረ ባለቤቱ መልሱን በግራም ጽፎ ይዟል ማለት ነው። ለውጥ ካላየ ደግሞ የሚያከራክረኝ ነገር ይቀንሳል፤ ያም ቢሆን የፈተናውን ወራት ከክረምቱ ጋር ማገጣጠም የለበትም። በቀዝቃዛው ወቅት ጎልማሳ ጺማም በተፈጥሮው ለሳምንታት ሊያንቀላፋ፣ ምግብ ሊተው ስለሚችል ሚዛኑ የሚናገረው ሌላ ነገር ይሆናል።